ለአገሩ እንግዳ

አባቴ አዲስ የጎልፍ ሜዳ ሲያይ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ውድድሩ ነገ ከሆነ ዛሬ ማምሻውን ዱላ ሳይዝ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከ18ኛው ግሪን ተነስቶ ወደ 1ኛው ቲ ሜዳውን ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል። ዕድሜውን በመንገድ ቅየሳ የጨረሰ ሰው ስለሆነ መሬት ፊት ከቆመ ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ተጫዋች ሁሉ የሚሄደው የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት ከቲ ጉድጓዱ ወዳለበት ወደ ግሪን ነው፤ ሜዳውን የሠራውም ሰው ያሰናዳው ለዚያ ዓይን ነው። ጥለት የምታውቅ ሴት ሸማ ስትገዛ ገልብጣ ጀርባውን እንደምታየው፣ አባቴም የሜዳውን ጀርባ ያያል። ክሩ የት እንደተቋጠረ የሚታወቀው ከዚያ በኩል ነው።

አዲስ አበባ ክረምቱ ሲበረታ እሱ እኔ ወዳለሁበት ወደ ኤድንበርግ ይመጣል። ለስኮትላንድ ደግሞ ያ ወራት ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ የማትጠልቅበት በጋዋ ነው። የየከተማው ክለቦች ያን ጊዜ ለውጭ ሰው ክፍት የሆነ ውድድር ያዘጋጃሉ። የተመዘገበ ሃንዲካፕ፣ ማለትም የችሎታ ልክ፣ ያለው አማተር ክፍያውን ከፍሎ ይገባል፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም። እኛ የምንመርጠው ጥንድ ሆነው የሚገቡበትን፣ ያውም ፎርሰምስ የሚባለውን ነው።

በፎርሰምስ ጥንዱ ያለው አንድ ኳስ ብቻ ነው። አንዱ ከቲ ይመታል፤ ሌላው ኳሷ ካረፈችበት ይቀጥላል፤ ጉድጓድ እስክትገባ እንዲህ ይፈራረቃሉ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጉድጓዶች አንዱ ከጀመረ ሙሉዎቹን ሌላው ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አንዴ ከተወሰነ እስከ መጨረሻው አይቀየርም። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦርላንዶ ላይ ከልጁ ከቻርሊ ጋር ሲጫወት ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ሌላ ዓይነት ነው፤ ስክራምብል ይባላል። ሁለቱም ይመታሉ፣ የተሻለው ኳስ ይመረጣል፣ የተበላሸው ይነሳና ይረሳል። ለተመልካች ደስ ይላል። ፎርሰምስ ግን ምንም አይረሳም። አባቴ ኳሷን ቁጥቋጦ ሥር ከከተታት ከቁጥቋጦው የማወጣት እኔ ነኝ፤ እኔ ባንከር ውስጥ ከጣልኳት ደግሞ አሸዋው ውስጥ የሚወርደው የ71 ዓመት ሰው ነው። ለእኔ ግን የአጨዋወቱ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በራስህ ምት ፈጽሞ የማትደርስበት ቦታ ላይ ያቆምሃል፤ ሜዳውንም ሠሪው ካሰበው አቅጣጫ ሁሉ እንድታየው ያስገድድሃል።

አባቴ ጎልፍን የለመደው አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው ሜዳ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከምትሄደው ርቀት 10 በመቶ ገደማ ጨምራ ትሄዳለች። ስለዚህ ስኮትላንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያፈርሰው የራሱን ስሌት ነው። አገሩ ላይ በ7 ቁጥር አይረን የሚደርስበት ርቀት እዚህ በ6 ቁጥርም ጭንቅ ነው፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣማ ቁጥር መቁጠሩን ትቶ በዓይኑ ይገምታል። ከአገሩ ይዞት የመጣው አንድ ነገር ግን እዚህ ዋጋው ይጨምራል። በበጋ ምድሩ ደርቆ ሲጠነክር ኳስን ወደ ሰማይ ልኮ ግሪን ላይ ማሳረፍ ዋጋ የለውም፤ ነጥራ ታልፋለች። እሱ የተማረው ዝቅ አድርጎ መምታትን፣ ከግሪኑ በፊት ማሳረፍን፣ ቀሪውን መንገድ ለመሬቱ መተውን ነው።

ይህን ምት ቀርቦ ማየት ደስ ይላል። ኳሷን ከመሃል ወደ ቀኝ እግሩ ጠጋ ያደርጋታል። እጆቹ ከዱላው ራስ ቀድመው ወደ ዒላማው ያዘነብላሉ። ወደ ኋላ ሲስብ ከወገቡ አያልፍም፤ ወደ ፊት ሲጨርስም ከወገቡ አያልፍም። የእጁ አንጓ አይሰበርም። ወጣት ተጫዋች እዚህ ቦታ ላይ ሳር ገምሶ ያነሳል፤ አባቴ ግን ሳሩን ነካ ብቻ ያደርገዋል፣ ድምፁም አንዲት አጭር ቷ ናት። ኳሷ ከጉልበት ከፍታ ሳታልፍ ትወጣና አንዴ ትነጥራለች፣ ሁለተኛ ትነጥራለች፣ ከዚያ መሬቱን ይዛ ትንከባለላለች። እኔ ሙሉ ጉልበቴን አውጥቼ ከፍ አድርጌ የምመታ ሰው ነኝ። እሱ አጠገብ ስቆም የእኔ ምት ትርፍ ነገር የበዛበት ይመስለኛል።

ይህን ጊዜ የተመዘገብነው ኖርዝ በርዊክ ላይ ነው፤ ከተማዋ ከኤድንበርግ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ክለቡ የተመሠረተው በ1832 ነው፤ ዌስት ሊንክስ የሚባለው ሜዳ ከተማው ጫፍ ላይ ጀምሮ በባሕሩ ጠርዝ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፣ ከዚያም ዞሮ ይመለሳል። የቆዩ የድንጋይ ካቦች ሜዳውን ያቋርጡታል፤ ያፈረሳቸው የለም። 13ኛው ጉድጓድ ላይ ካቡ የሚያልፈው ግሪኑ አፍንጫ ሥር ነው። ግሪኑ ከካቡ በስተጀርባ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ተኝቷል፤ ኳስህ ካቡ ሥር ከቆመች ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከመምታት በቀር ምርጫ የለህም። የዛሬ ሜዳ ሠሪ ይህን ቢያይ በአንድ ጠዋት በዶዘር ያነሳው ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን ካቡን እንደ ዳኛ አቆሙት።

አባትና ልጅ ጥንድ ሆነው እዚህ ሲጫወቱ እኛ የመጀመሪያ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1875 ሽማግሌው ቶም ሞሪስ እና ወጣቱ ቶም ሞሪስ ከፓርክ ወንድማማቾች ጋር እዚሁ ከተማ ላይ ገጥመዋል። አባት አራት ጊዜ፣ ልጅ አራት ጊዜ ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር ያሸነፉ ናቸው፤ በ1869 ልጅ አንደኛ፣ አባት ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። በዚያ የመስከረም ቀን የልጁ ሚስት ምጥ እንደጠናባት ቴሌግራም መጣ። በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ሴንት አንድሩስ ሳይደርሱ እናትም ሕፃኑም አርፈዋል የሚል መልእክት ደረሳቸው። ወጣቱ ቶም በዚያው ዓመት የገና ዕለት በ24 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ከእሱ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሜዳም ሠርቷል፣ ሣርም ተንከባክቧል። ግሪን ላይ አሸዋ በመበተን ሣሩ ጠንክሮ ለስልሶ እንዲበቅል የማድረጉን ልማድ ያስፋፋው እሱ እንደሆነ ይነገራል።

በውድድሩ ዋዜማ ምሽት ስንሄድ አባቴ አንድ ባንከር አፋፍ ላይ ብዙ ቆመ። የዚህ አገር ባንከር አሸዋ የፈሰሰበት ዝርግ ሳህን አይደለም፤ ግድግዳ አለው። ግድግዳው የሚሠራው ከነሥሩ ተገሽልጦ ከተነሳ ሣር ነው። ሣሩ በማሽን እየተቆረጠ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ ይወጣል፣ ከሥር ጀምሮ ድርብ በድርብ ይነባበራል። እያንዳንዱ ድርብ ከታችኛው ጥቂት ገባ ይላል፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚያዘነብለው በዚህ ነው። የላይኛው ቁራጭ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይውልም። ከጀርባ አፈር እየተሞላ ይጠቀጠቃል። አሸዋው ደግሞ መሃል ላይ ጎድጎድ፣ ወደ ግድግዳው ከፍ ይላል፤ ኳስ ግድግዳው ሥር ተለጥፋ እንዳትቀር ወደ መሃል ይመልሳታል። ይህ ቸርነት ነው፣ ባይመስልም።

አባቴ አውራ ጣቱን በሁለት ድርብ መካከል አስገብቶ ጫን አደረገ።

«ይሄኛው አርጅቷል» አለ። «ያኛውን እዪው ደግሞ፤ ዘንድሮ የተሠራ ነው።»

«በምን አወቅህ አባዬ?»

«ፀሐይ የት እንደምትወጣ እዪ እንጂ። ይሄ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። ያኛው ጥላ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓመት ቢሠሯቸው እንኳ ይሄ ቀድሞ ይፈርሳል። እኛም ድጋፍ ግንብ ስንሠራ ውሃውን እንዲህ ነበር የምናስብለት።»

ትክክል ነው። የሣር ግድግዳ ዕድሜው ጥቂት ዓመት ነው፤ ወደ ደቡብ የሚያየው ደግሞ ቶሎ ደርቆ ይናዳል። ሠራተኞቹ በየክረምታቸው የተወሰኑትን አፍርሰው እንደገና ይነባብራሉ። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚፈስበት ሥራ እንደሚፈርስ እየታወቀ ይሠራል። የሚገርመው ደግሞ ጥሩ የተባለ ተጫዋች ዓላማው ከዚህ ግድግዳ ጋር ፈጽሞ አለመገናኘት መሆኑ ነው። ግድግዳውን በቅርብ የሚያውቁት እንደ እኛ ያሉት ናቸው።

የአባቴን ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ምክንያታዊ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። አሊስተር ማኬንዚ የሚባል ሐኪም ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዘምቶ ቦሮች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር እንዴት አመሳስለው እንደሚሰውሩ አየ። በኋላ ሕክምናውን ትቶ ሜዳ ሠሪ ሆነ። ካሊፎርኒያ ያለው ሳይፕረስ ፖይንት የእሱ ነው፤ ኦገስታ ናሽናልን ከጎልፈኛው ከቦቢ ጆንስ ጋር ሠርቷል። የሴንት አንድሩስን ኦልድ ኮርስ በ1924 ለክቶ የሳለው ካርታ ዛሬም ተባዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማኬንዚ የገባው ነገር ይህ ነው፦ ግሪኑን የነካ የሚመስል ባንከር በእርግጥ 20 ወይም 30 እርምጃ ቀድሞ የተቆፈረ ሊሆን ይችላል። ከፊት ስታየው አፋፉ በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይጋርዳል፤ ርቀቱ ይጠፋብሃል። ከኋላ ስታየው ግን ያ ሁሉ ቦታ ተዘርግቶ ይታያል። ኖርዝ በርዊክን ማኬንዚ አልሠራውም፤ ዘዴው ግን ከእሱ በፊት እዚህ ነበር፣ ያውም በ15ኛው ጉድጓድ ላይ።

15ኛው ስሙ ሬዳን ነው። ስሙን ያገኘው ከክራይሚያ ጦርነት፣ ከሴባስቶፖል ከበባ ነው። ሬዳን ሩሲያውያን የሠሩት እንደ ቀስት ጫፍ ወደ ፊት የሾለ ምሽግ ነበር፤ እንግሊዞች በ1855 ሁለት ጊዜ አጥቅተውት ሁለቱንም ጊዜ ተመልሰዋል። ጉድጓዱ ምሽጉን መሰለ ተባለና ስሙ ቀረለት። ለእኛ ሴባስቶፖል የሚለው ስም ሌላ ትዝታ አለው። በዚያው በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት ቴዎድሮስ፣ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ትልቁን መድፍ በዚያው ከበባ ስም ጠርተው እስከ መቅደላ አስጎትተውታል። አንድ ከበባ፣ አንዱ ጋ የጎልፍ ጉድጓድ፣ ሌላው ጋ መድፍ ሆነ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «እኛ ስሙን የሰጠነው ለሚገባው ነው» አለና ዝም አለ።

ጉድጓዱ ፓር 3 ነው፣ በሦስት ምት ይጠናቀቃል የሚባል፤ ርዝመቱ 175 ሜትር ገደማ። ቲው ላይ ቆመህ የሚታይህ ሁለት ነገር ነው፦ መንገድህ ላይ የተጋደመ ባንከር የተቆፈረበት ጉብታ፣ ከጉብታው በላይ ደግሞ የባንዲራው ጫፍ። ግሪኑ አይታይም። ከጉብታው በስተጀርባ ማንም የማይጠረጥረው ሰፊ ሜዳ አለ። ከዚያ የግሪኑ ቀኝ ትከሻ ይነሳል። ግሪኑ ደግሞ ወደ አንተ አያዘነብልም፤ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ ይወርዳል። ግራውን ጥልቅ ባንከር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባንዲራውን ዒላማ አድርጎ ቀጥታ የሚመታ ጎበዝ፣ ኳሱ ግሪን ላይ ብታርፍለት እንኳ ቁልቁለቱ ወስዶ ከኋላ ይጥላታል። ከባንዲራው ወደ ቀኝ አልሞ ትከሻው ላይ የሚያሳርፋት ግን ሌላውን መሬቱ ይሠራለታል፤ ትከሻው ይቀበላታል፣ ወደ ግራ ያዞራታል፣ ቀስ እያደረገ ወደ ጉድጓዱ ይወስዳታል።

በዓለም ላይ እንደዚህ ጉድጓድ የተኮረጀ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊው ቻርልስ ማክዶናልድ ሎንግ አይላንድ ላይ በ1911 የተከፈተውን ናሽናል ጎልፍ ሊንክስን ሲሠራ 4ኛውን ጉድጓድ በሬዳን አምሳል አበጀው። ግሪኑን ግን ከቲ እንዲታይ አደረገው፤ ቅጂው ከዋናው ይበልጣል የሚሉም ሞልተዋል። እኔ አልስማማም። የሚታይ ሬዳን ትክክለኛውን መንገድ ከነመልሱ ይነግርሃል። ያልታየው ግን መሬቱን እንድታምን ይጠይቅሃል፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ የሚያምነው ሌላ ምንም የለውም። የዋናው ጥበብ ሠሪው የጨመረው ነገር ማነሱ ላይ ነው። ጉብታውም ትከሻውም ቁልቁለቱም ከጎልፍ በፊት የነበሩ ይመስላሉ። የሰው ሥራ ቲውን የት ላድርገው የሚለው ውሳኔ ነው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢቆም ይህ ሁሉ ተራ ጉብታ ሆኖ ይቀር ነበር።

አባቴ በዋዜማው ከግሪኑ ኋላ ወደ ቲው ሲመጣ ትከሻው ላይ ደርሶ ቆሟል፣ ወደ ባንዲራው አይቷል፣ በጫማው ጫፍ መሬቱን መታ መታ አድርጎ ጥንካሬውን ሰምቷል። እራት ላይ ተራችንን ስንከፋፈል እኔ በስሌት ጀመርኩ። የሜዳው ፓር 3 ጉድጓዶች 4ኛው፣ 6ኛው፣ 10ኛውና 15ኛው ናቸው፤ ሦስቱ ሙሉ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ። አጭር ጉድጓድ ላይ የሚተማመነው እሱ ስለሆነ ሙሉዎቹን እሱ ይጀምር አልኩ።

«ተይ ልጄ» አለኝ። «15ኛው የእኔ ነው። አንቺ ከፍ አድርገሽ ትመቻለሽ፤ ያ መሬት ከፍታ አይወድም።»

በማግስቱ 15ኛው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣ ነበር። አብረውን የሚጫወቱት አንዲት እናትና ወንድ ልጇ ናቸው። ልጁ ረጅም መቺ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ባንዲራው ላካት፣ ሰማይ ላይ ስታምር አየናት፣ ግሪን ላይ ስታርፍም ሰማን። አባቴ 5 ቁጥር ዉድ አወጣ። 175 ሜትር በአየር አይደርስም፤ እንደማይደርስ ያውቃል፣ ለማድረስም አልሞከረም። ወደ ቀኝ፣ ከባንዲራው አሥር እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ አለመ፤ እንግዳ ሰው ቢያየው ቆሞ የተሳሳተ ይመስለዋል። ኳሷ ዝቅ ብላ ሄደች፣ ጉብታውን ለጥቂት ዘለለች፣ ጠፋች። እናቲቱ ወደ አባቴ ዞር ብላ በስኮትላንዳዊ ቁጠባ «ጥሩ ሐሳብ» አለች። ኳሷን አላየቻትም፤ ያየችው አቅጣጫውን ነው። የአገሩ ሰው መሆን ይህ ነው።

ጉብታው ላይ ወጥተን ስናይ የልጁ ኳስ ግሪኑን አልፋ ከኋላ ወርዳለች። የእኛ ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ አልተገኘችም፤ እንደዚያ ዓይነት ታሪክ አይደለም። ከጉድጓዱ ስድስት እርምጃ ያህል ላይ፣ ከቁልቁለቱ በታች ቆማለች። ያም ማለት የእኔ ፑት፣ ወደ ጉድጓዱ የምትንከባለለው ምት፣ ሽቅብ ነው፤ ሽቅብ ፑት ደግሞ በዚህ ግሪን ላይ ሊሰጥህ የሚችለው ትልቁ ስጦታ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ የመጣችበትን መስመር አየሁ። ሣሩ ላይ ጠል ስላልነበረ ምልክት የለም። ትከሻው ላይ ግን የት እንደነጠረች፣ የት እንደታጠፈች ከቅርጹ ማንበብ ይቻል ነበር። ቁልቁለቱ በምን ዓይነት ፍጥነት የምትመጣን ኳስ እንደሚጠብቅ ያኔ ነው የታየኝ፤ እየሞተች የምትመጣን፣ ለመቆም የፈለገችን ኳስ ነው የሚጠብቀው። ለጉልበተኛ የተሠራ ይመስላል እንጂ የተሠራው ለብልህ ነው። ፑቱን ከጉድጓዱ ሥር አቆምኩት፤ አባቴ ነካ አድርጎ አስገባው። ፓር።

16ኛው ጌት ይባላል። ግሪኑን ያየ ሰው ሜዳ ሠሪው አመሻሽ ላይ ጠጥቶ ነው የነደፈው ሊል ይችላል። ጠባብ ነው፣ ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል፣ መሃሉን ደግሞ ጥልቅ ሸለቆ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግራና ቀኙ ሁለት ከፍ ያሉ መድረኮች ናቸው። ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ቲው የእኔ፣ ሁለተኛው ምት የአባቴ ነበር። ባንዲራው አንዱ መድረክ ላይ ነበር፣ የእሱ ኳስ ሌላኛው ላይ አረፈች፣ በመካከል ሸለቆው። ፐተሬን ይዤ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድኩ። ከየትኛውም በኩል ቀጥ ያለ መስመር የለውም።

«አባዬ፣ ትናንት ይሄን ከኋላ አላየኸውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ይሄን የሠራው ሰው ቀልደኛ ነው አልኩ። በይ ምቺ፤ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።»